የቀኙ ስፒከር

አጎቷ ሳጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ ከጠረጴዛው ላይ ሊያነሳው ሞከረና ከብዶት መልሶ አስቀመጠው።

«ምን አጭቆበት ነው ሰውዬው?» አለ ወገቡን ይዞ። «ለቀስተኛው መቀመጫ አጥቶ ቆሟል፣ ጠረጴዛውን ይሄ ይዞታል።»

«ይተዉት አጎቴ፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለች ልጅቷ።

አላነሳችውም። ትናንትም እንዲሁ ብላ ነበር።

አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተሞልቷል። ሳጥኑ፣ የድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር፣ ግን መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ አምስት የመስታወት አምፖሎች ጀርባው ላይ ተተክለው፣ ሆዱ በቀይና በሰማያዊ ሽቦ ተሞልቶ። የታችኛው ክዳኑ ገና አልታሰረም።

«ነገ ወንበሮቹ ሲመለሱ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ እሰጠዋለሁ» አለ አጎቷ። «ወንድሜን የጨረሰው ይሄ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከላዩ አልተነሳም።»

ግድግዳው ጥግ የተቀመጠች አንዲት የሩቅ ዘመድ ወደ ጎኗ ዘንበል አለች። የሷ ሹክሹክታ እስከ ጓዳ ይሰማል። «መቼም ያን ያህል ባለሙያ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሳጥን አቅቶት ሞተ አሉ።»

«እጁ ከድቶት ነበር» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው። «ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።»

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበርና ሁሉንም ሰማች። ጓዳ ገብታ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። አባቷ መሞቱን እንደምንም ልትችለው ትችል ይሆናል። ሙያው ከሱ ቀድሞ ሞተ መባሉን ግን አልቻለችም።

አርባ ዓመት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ የታመመ ሬዲዮ ሳይከፍት አዳምጦ የቱ ዕቃ እንደተቃጠለ ይናገር ነበርና። ጡረታ ሲወጣ የሚነካው አጣ። የግድግዳውን ሰዓት ፈታ፣ ገጠመ፣ እንደገና ፈታ። እናቷ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ» እያለች ብትቀልድበትም ውስጧ ይብሰለሰል ነበር። ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ይህን አምፕሊፋየር ከነካርቶኑ ያመጣችለት ልጅቷ ናት። ካርቶኑን ሲከፍት ለአንድ ሰዓት ያህል እያንዳንዷን ዕቃ አውጥቶ እያየ መልሶ ያስቀምጥ ነበር።

ችግሩ ዓይኑ ነበር። ሬዚስተር የሚሏት ዕቃ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ መጠኗን የሚናገሩት ወገቧ ላይ የተቀቡ ቀጫጭን የቀለም መስመሮች ናቸው። የሱ ዓይን ደግሞ ቀዩንና ብርቱካናማውን መለየት ትቷል። አብዛኞቹን በቴስተር እየለካ አስገባ። አንድ እሁድ ከሰዓት ግን ልጅቷ ልትጠይቀው መጥታ ጎኑ ተቀምጣ ነበርና «እስቲ እነዚህን አንቺ አንብቢልኝ» አላት።

ስልክ እያወራች ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ እያነሳች አነበበችለት። «ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ቀጥል አባዬ።»

«ቀይ ነው? አየሽው?»

«ኧረ አባዬ! ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ የማነብ ፋርማሲስት እኮ ነኝ።»

ሳቀ። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

ተገጣጥሞ ሲያልቅ የግራው ስፒከር ጥርት ብሎ ዘፈነ። የቀኙ ድምፅ ግን የሰለለና የተቆራረጠ ነበር። ጆሮ እያንዳንዱን ብየዳ ፈትቶ እንደገና በየደ። ምሳ ላይ እንጀራውን ትቶ እጆቹን አገላብጦ ያያቸው ጀመር። «ከዱኝ መሰለኝ» አላት ሚስቱን። አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሳጥኑ ፊት ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ልቡ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን የአባቷ የቀድሞ የሥራ ጓደኛ መጣ። ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» የሚሉት ሰው ነው። አልቅሶ ሲያበቃ ዓይኑ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

«ጋሼ» አለችው ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ «እውነቱን ይንገሩኝ። እጁ ከድቶት ነበር?»

ሽቦ መነጽሩን አደረገ። ሶኬቱ መነቀሉን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ እንደሚቆይ ነግሯት፣ የያዘውን ካወጣለት በኋላ ሳጥኑን ገለበጠው። ረጅም ጊዜ አየ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄንን ብየዳ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይሠራውም። እኔ በጉልምስናዬም እንዲህ አልበየድኩም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ደብተሩን አምጪልኝ። ጆሮ ሳይጽፍ አይሠራም።»

ደብተሩን አመጣች። የእያንዳንዱ ዕቃ ስምና ሊኖረው የሚገባው መጠን ተጽፏል፣ ከጎኑ በቴስተር የተለካው ቁጥር። ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ዘጠኝ መስመሮች ላይ የተለካ ቁጥር የለም። በቁጥሩ ፋንታ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፉ «ልጄ አይታዋለች» ይላል። ዘጠኝ ጊዜ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ሽቦ። «ያልለካውን ዕቃ የሚያስገባ ሰው አልነበረም።»

ልጅቷ ቴስተሩን አንስታ ዘጠኙን አንድ በአንድ ለካች። አምስተኛዋ፣ ከቀኙ አምፖል እግር ሥር ያለችው፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ መሆን ሲገባት አሥራ አምስት ሺህ አለች። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎንበስ አለች። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ። እዚያው በቀኙ በኩል፣ አሥራ አምስት ሺህ መሆን የሚገባት ሌላዋ ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ አለች፤ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።

«እጁ አልከዳውም» አለች። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ። «ሁላችሁም ስሙኝ። እሱ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ። ስልክ እያወራሁ አነበብኩለት፣ እሱ ደግሞ አመነኝ።»

«ተይ እንጂ፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል?» አለ አጎቷ።

እናቷ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ በቀር ድምፅዋ አልተሰማም ነበር።

«'እነዚያንም ለካቸው' ብዬው ነበር» አለች። «'የልጄን ቃል በቴስተር አልለካም' አለኝ።»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቷ ሲቀበር እንዲህ አላለቀሰችም። ማንም ዝም በይ አላላትም። አጎቷም ቀስ ብሎ ወንበር አምጥቶ ከጀርባዋ አደረገላት።

ዕንባዋ ጋብ ሲል እናቷ «በይ አስተካክዪው» አለቻት።

ሽቦ እየመራት ሁለቱን ሬዚስተሮች ፈታች፣ በየቦታቸው መልሳ በየደች። የሷ ብየዳ ተልፈስፍሶና ጎርበጥ ብሎ ቀረ፤ ከአባቷ ሥራ መሃል ከሩቅ ይለያል። ሽቦ ክዳኑን አስሮ ሳጥኑን አቃናውና ሶኬቱን ሰካ።

«ለቅሶ ቤት ዘፈን ልትከፍቱ ነው እንዴ?» አለ አጎቷ ደንግጦ።

«ዘፈን አያስፈልግም» አለ ሽቦ። «አምፖሎቹ ይሙቁ። ከዚያ የቀኙን የድምፅ መግቢያ በጣትሽ ጫፍ ንኪው። የሰው ገላ ብቻ ይበቃዋል፤ ደህና ከሆነ ይመልስልሻል።»

አምፖሎቹ ውስጥ ቀላ ያለ ብርሃን ታየ። ልጅቷ ጣቷን ዘርግታ ነካችው።

«እምምምም» አለ የቀኙ ስፒከር፤ ወፍራም፣ ሙሉ፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ። ወንበሮቹ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። እናቷ ተነስታ መጣችና መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች።

«በቃ የኔ ልጅ፣ ሠርቷል» አለ ሽቦ። «አሁን ማንሳት ትችያለሽ።»

ጣቷን አላነሳችም።