ዓይን ያልተሳለለት ትል

ማሂራ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ቲጃኒ ትንሽ ይሰፋና እግሩን ከመርገጫው ላይ አንስቶ ይቀመጣል፤ ጨርቁ መርፌው ሥር እንደተሰካ ይቀራል። ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ደንበኛ አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ያይና «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ይመለሳል።

ማሂራ አንድ ልጁ ነበረች። የሕፃናት መምህርት ነበረች። የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ካስተኛት በኋላም ሥራዋን አልተወችም፤ ለተማሪዎቿ የሥዕል መጽሐፍ ታዘጋጅ ነበር። ወፍራም ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ትሥላለች፣ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች። እጇ አብጦ መጨበጥ ሲያቅታት ብሩሹን በፋሻ ከጣቶቿ ጋር ታስረዋለች። ሲያልቅ ገጾቹን የሰፋው ራሱ ቲጃኒ ነው፤ ለኮት በሚጠቀምበት ጠንካራ ክር፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ።

«አባዬ፣ ትምህርት ሳይዘጋ ይነበብላቸው» አለችው። «ቃል ግባልኝ።»

«አንቺው ታነቢላቸዋለሽ።»

«ቃል ግባልኝ አልኩህ እኮ!»

ገባላት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጓሮው በውሃ ይሞላል። ዓይን የሌለው አንድ የምድር ትል ጉድጓዱ ሲጥለቀለቅበት ይወጣና መመለሻው ይጠፋዋል። ፀሐይ ሳትበረታ አፈር ካልገባ ደርቆ ይሞታል። ጉንዳን ታገኘውና እየነካካች ትመራዋለች። ሲደክማት ለቀንድ አውጣ ታስረክበዋለች፤ ቀንድ አውጣው በሄደበት ሁሉ የሚያንሸራትት መስመር ይተውለታል። ጢንዚዛው ደግሞ ቅጠል ተሸክሞ ከላይ ያጠላለታል። እንዲህ እየተቀባበሉ ከቡናው ሥር ካለው ለስላሳ አፈር ያደርሱታል።

ጓሮውን ማሂራ ከራሷ አላመጣችውም። የቡ መንደር ያለው የአዴ ዘይቡ ጓሮ ነው። አዴ ዘይቡ የቲጃኒ አክስት ናቸው። የማሂራ እናት በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ተቀብለው በቡናቸው ጥላ ሥር ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ማሂራ በልጅነቷ እዚያ በሆዷ ተኝታ ትል ስትከተል ነው የምትውለው።

ከሁሉ በላይ የለፋችው ዓይኖቹ ላይ ነበር። የጉንዳኗ ዓይን ይጣደፋል፣ የቀንድ አውጣው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ የጢንዚዛው ትንሽ ኩራት አለበት። ቲጃኒ ከቀብር በኋላ መጽሐፉን እየገለጠ እነሱን ያያል። ልጁ በሰው ስታሾፍ የምታይበት አስተያየት ነበር፤ ፎቶዎቿ ላይ እንኳ እንደዚያ አላገኘውም።

አዴ ዘይቡ ለለቅሶ እንደመጡ እዚያው ቲጃኒ ቤት ሰነበቱ። ሊያስተዛዝኑ ከመጡት ሴቶች አንዷ ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠውን መጽሐፍ ገልጣ አየችና፣ «ነፍስ ያለውን ነገር የሳለ ሰው እኮ በዚያ በፍርድ ቀን ‹በል ነፍስ ስጠው› ይባላል። አላህ ይዘንላት» አለች። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ቃሉ ግን ከአዴ ዘይቡ ጋር ቀረ። ምግብ አልወርድ አላቸው። ሲሰግዱ ሱጁድ ላይ ግንባራቸውን መሬት እንዳስነኩ ይቆያሉ።

ቲጃኒ ለጁምዓ ሶላት በወጣበት ጎረቤታቸው የቡና ነጋዴው ሀቢቡላህ ዘንድ ሄደው ጆንያ ላይ የሚጻፍበትን ጥቁር ቀለም በብርጭቆ ለመኑ። ክብሪት ላይ ጥጥ ጠምጥመው እየነከሩ ዓይኖቹን አንድ በአንድ አጠፏቸው። አልተቻኮሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቡና ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ከጤፍ የምታንሰውን የጉንዳን ዓይን እንኳ አልሳቱም። አንዲት ጠብታ ከቦታዋ ውጭ አልወደቀችም።

ቲጃኒ ሲመለስ መጽሐፉ በሩ ላይ ፀሐይ እንዲያገኘው ተዘርግቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ገላገልኳት፣ ቲጃኒዬ» አሉ። ከብዙ ቀን በኋላ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር። «አልሐምዱሊላህ። አሁን ማንም አይጠይቃትም።»

ገጽ ገለጠ። ሌላም ገለጠ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«አዴ... ሼኩን ቢጠይቋቸው ምን ነበር? መስጊዱ እዚህ ነው፣ መንገድ መሻገር ብቻ ነው! ‹የሕፃናት መማሪያ ነው፣ ምንም የለበትም› ይሉዎት ነበር።»

«ቢሳሳቱስ? አፈር ውስጥ ያለችው ልጄ ናት ወይስ እሳቸው?»

«እኔ አባቷ ነኝ!»

«እኔስ ምኗ ነኝ?»

ቲጃኒ ተነሣ። መጽሐፉን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገራቸውም። እሳቸውም አልሄዱም። ምግቡን ያቀርቡለታል፤ ሳያያቸው ይበላል። ልጁ ሁለት ጊዜ የሞተችበት ያህል ነበር የተሰማው፤ ሁለተኛውን ሞት ያደረሰው ሰው ደግሞ በየቀኑ ፊቱ ሳህን ያስቀምጣል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትርፌ መጣች፤ ከማሂራ ጋር አንድ ክፍል የምታስተምር መምህርት ናት።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ነገ እንዘጋለን። ልጆቹ ‹የቲቸር ማሂራ መጽሐፍ› እያሉ ጨርሰውኛል።»

«ተበላሽቷል።»

«እንዴት?»

«ቀለም ፈሶበት።»

«ትንሽ ከሆነ ግድ የለም፣ እነሱ እንደሆኑ...»

«ተበላሽቷል አልኩሽ፣ የኔ ልጅ!»

ከጓዳ የአዴ ዘይቡ ድምፅ መጣ። «አልፈሰሰም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ትርፌን አላዩዋትም፤ የሚያዩት እሱን ነው። «ቃል ገብተህላታል። በኔ ተናደህ የሷን ቃል አትብላ።»

በማግስቱ በአንድ ባጃጅ ሄዱ። እሱ ጥቅሉን ታቅፎ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላው በኩል። ሹፌሩ በመስታወት ሲያያቸው ቆይቶ «ወደ ሰርግ ነው ወይስ ወደ ፍርድ ቤት?» አለ። ሁለቱም ወደ ውጭ ሲያዩ መንዙማውን ከፍ አደረገው።

ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ነበር።

«ሱሪ ሰፊው መጣ!»

«የኔን ኪስ አንተ ነህ የሰፋኸው፣ ተቀደደ!»

«ድንጋይ ስለምትከትበት ነዋ!»

ትርፌ «ላንብብልዎት?» ብትለው እንቢ አለ። ቃሉን የሰጠው እሱ ነው። ጨርቁን ፈትቶ የመጀመሪያውን ገጽ ወደ እነሱ አዞረ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ናርዲ የምትባል ፀጉሯ የተጎነጎነ ልጅ ተንበርክካ ቀረበች።

«ዓይናቸው የታለ?»

ቲጃኒ ቀና አለ። አዴ ዘይቡ በሩ አጠገብ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሻሻቸውን ጫፍ በአፋቸው ይዘዋል። ጣቱን ቢቀስር በቂ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያቸዋል። ዝም ባላቸው ቀናት ሁሉ የተመኘው ይህን ነበር።

«የሚወዳቸው ሰው...» ዓይኑን ከበሩ መለሰ። «የሚወዳቸው ሰው ሸፈነባቸው። ፈርቶላቸው።»

«ታዲያ ትሉን ማን ይመራዋል? ጉንዳኗም አታይም።»

«ሁሉም ይጠፋሉ» አለ ሌላው።

«ይሞታሉ» አለ ሦስተኛው፣ ቀስ ብሎ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመምህራቸውን መሞት ነግረዋቸዋል።

ናርዲ ወረቀቱን በጣቷ ተከተለች። «ትሉ ይምራቸዋ! እሱ ድሮም ዓይን የለው። ለምዶታል።»

«መንገዱን የት ያውቃል?»

«አፈር ይሸተዋል!»

ቲጃኒ ገጹን ወደ ራሱ መለሰ። ትሉ እንደነበረ ነው። ማሂራ ዓይን አልሳለችለትም፤ አዴ ዘይቡ የሚያጠፉት አላገኙም። በየገጹ ሮዝ ሆኖ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ከማሂራ እጅ እንደወጣ ተኝቷል። ስንት ጊዜ ገልጦት አላየውም ነበር።

ማንበብ ጀመረ። «ጉንዳኗ ትሉን መራችው» ሲል ልጆቹ «ትሉ ነው የመራት!» ብለው ይጮኻሉ። አልተከራከራቸውም። ጽሑፉን እንደተጻፈው እስከ መጨረሻው አነበበ፤ እነሱም እስከ መጨረሻው አረሙት። ሲጨርስ መጽሐፉን ወደ ጨርቁ አልመለሰውም፤ ናርዲ ጭን ላይ ትቶት ተነሣ።

ውጭ ዝናቡ ጀምሯል። ከበሩ ወደ መንገዱ የሚወስደው ቁልቁለት ጭቃ ሆኗል። አዴ ዘይቡ ደፉ ላይ ቆመው እግራቸውን ሊያወርዱ ፈሩ።

«አዴ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ያዳልጣል።»

ሰጡት። ጥቁሩ ቀለም እስካሁን በጥፍራቸው ሥር ነበር። ጥቂት እንደወረዱ ቆም አሉ።

«ቲጃኒዬ፣ የጉንዳኗ ዓይን እንዴት ነበር? እኔ የማየው ቀለሙን ብቻ ነበር። ዓይኗን አላየሁትም።»

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። የቀንድ አውጣው ዓይን ትዝ አለው። የጉንዳኗን ፈልጎ አጣው፤ ትናንት እንኳ ያስታውሰው ነበር።

«የምትጣደፍ» አለ። «የምትጣደፍ ነበረች።»

ዝናቡ ዓይን እስኪያስጨፍን ድረስ በረታ። የሚያልፍ ባጃጅ አልነበረም። እጃቸውን ይዞ፣ ጭቃውን በእግሩ እየዳበሰ፣ ቁልቁል ወረደ።