ዳሩ የጠቆረ ፖስታ

የነጋዴው የአቶ አሻግሬ ተዝካር እንዳለፈ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ አረጋሽ አገርነሽን ደባርቅ ገበያ አግኝተው ወደ ሱቁ ጓዳ ወሰዷት። ከሣጥን ግርጌ ያልተከፈተ ፖስታ አውጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ማኅተሙ የአስመራ ነው፤ ዳር ዳሩን ጥቁር ተቀብቷል።

«የወንድምሽ የደምለው መርዶ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ባሌ በጣሊያን ጊዜ ከፈረንጅ ጋር ሠርቷል፤ እንዲህ ያለ ፖስታ የሚመጣ ለሞት ነው ይል ነበር። ይኸ ሲደርስ ሠርግሽ ወር ቀርቶታል። ጌሾ ተገዝቶ እንዴት ይንገር? ሠርጉ ይለፍ አለ። ሠርጉ ሲያልፍ አረገዝሽ። ከዚያ እናትሽ ታመመች። ከዚያማ አፉ እንቢ አለው።»

ደግ ሰው ነበሩ አሻግሬ፤ የደግ ሰው ነገር ግን አንዳንዴ ከክፉ ሰው ይብሳል። ያን ጊዜ ፖስታ ቤቱ የሳቸው ሱቅ ነበር። የመኪና ሾፌር ደብዳቤ ሲያቀብል ገበያተኛው ሁሉ ዋጋ መከራከሩን ትቶ ይሰበሰብና የሰው ሰላምታ ሲነበብ እንደ ራሱ ያዳምጣል። ማንም ያልሰማው ይኸ ብቻ ነው።

አገርነሽ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ሄደች። ልጅ ሳለች ደምለው ትከሻው ላይ አውጥቷት ሊማሊሞ አፋፍ ቆመው መኪና ሲወጣ ያያሉ፤ እሱ በጥሩንባው ድምፅ ብቻ የሾፌሩን ስም ይነግራታል። ኋላ በዚያው መንገድ ወደ አስመራ ወረደ። እናቱ «ከሄድክ ልጄ አይደለህም» ብላው ነበር። ዛሬም ጥሩንባ ሲሰማ እናቷ ጥሩዬ ሥራዋን ታቆማለች። «ይቅር፣ ቂመኛ ነው» ትልና ትቀጥላለች።

መርዶ ለብቻ አይከፈትም፣ ለብቻም አይነገርም። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ በጥሩዬ ደጃፍ ተሰበሰበ። መሪጌታ ማዕረግ ለተዝካሩ የሞተበትን ቀን ለማወቅ ፖስታውን በፋኖስ ብርሃን ቀደዱት። አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሰዉ አሰሙ።

«እማዬ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ ነው። መኪና መንዳት ተምሬያለሁ። ይኸን ፖስታ ሱቅ ውስጥ ካሉት ሁሉ መርጬ ገዛሁልሽ፤ ዳሩ የቀሚስሽን ጥለት ይመስላል። አገርነሽ ልትዳር ነው ሲሉ ሰማሁ። ይቅር ካልሽኝ አስጽፊልኝ፣ እመጣለሁ። ዝም ካልሽ ግን ዓይኔን ማየት አልፈለገችም ብዬ እቀራለሁ።»

አገርነሽ ደስ ይበላት ትዘን አላወቀችም። በሠርጓ ቀን እናቷ ጓዳ ገብታ ማልቀሷ ትዝ አላት። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሊማሊሞን ከወጡት ጥሩንባዎች የቱ የሱ ነበር? ከደጃፉ ጮኾ ያለፈ ይኖር ይሆን?

በሩ ተከፈተ። ጥሩዬ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየችና በትሯ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ» አገርነሽ አቀፈቻት። «ደምለው ይቅር በይኝ ብሎሽ ነበር። ያኔ፣ ከሠርጌ በፊት። አቶ አሻግሬ ሞት መስሏቸው ሸሸጉት።»

የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ጥሩዬ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። ፖስታውን ተቀብላ ጥቁሩን ዳር በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ቀጥላም የቀሚሷን ጠርዝ። እንባዋ ወረደ።

«መሪጌታ» አለች፣ «አሁኑኑ ይጻፉልኝ። እናትህ ይቅር ብላሃለች፣ ና ይበሉት።» ፖስታውን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «መላኪያው ፖስታ ግን ነጭ ይሁን።»