ለእማዬ ደጃፍ የሚሆን ዛፍ

የእናቴን ደጃፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ታላቅ ወንድሜ ከአምስት ዓመት በፊት የተከለው የጎማ ዛፍ ሥሩን ፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ሰዶ፣ የመኝታ ቤቷን ግድግዳ ከታች እስከ መስኮቱ ሰነጠቀው። ባለፈው ሳምንት አስቆረጥነው፤ ጥላውም አብሮ ሄደ።

እማዬ ጉልበቷ ስለማይፈቅድላት ቀኑን ሙሉ ደጃፏ ላይ ነው የምትውለው። አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ወደዚያች የታፈነች ክፍል ትገባለች። "ጥላ ካላገኘሁ ከአንዳችሁ ጋ እገባለሁ" አለችን ትናንት። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት ለቃ! በማን ጥፋት?

እኔ ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ስለ ዛፍ ለእኔ አይነገረኝም። ወንድሜን ድሮ "ጋሼ" ነበር የምለው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ጀምሮ ግን፣ ይኸው ሦስት ወሩ፣ ስሙ "ቤት አፍራሹ" ሆኗል። እናታችን ፊት እለዋለሁ፣ ሚስቱ ፊት እለዋለሁ። እሱ ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ይበልጥ ያበግነኛል።

ለቦታው የመረጥኩት ክትክታ ነው። በግድግዳውና በቧንቧው መሃል ያለው መሬት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ክትክታ አገር በቀል ነው፣ ቁመቱ ልከኛ፣ ሥሩ ቀጭን፤ ከግድግዳ ጋር አይጋፋም፣ ውሃ ቢያጣም አያኮርፍም።

"ይሄ ጭራሮ ነው ጥላ የሚሆናት?" አለ ወንድሜ ዛሬ ችግኙን ይዤ ስመጣ።

"አንተ ዝም በል! ያንተን ምርጫ አይተነዋል!"

ፍሳሹን ሊጠግን የጠራነው ቧንቧ ሠራተኛ የድሮውን ጉቶ ከነሥሩ ጎትቶ አወጣው። ሥሩ መሃል ጥቁር የችግኝ ላስቲክ ተሰንቅሯል።

"ላስቲኩን እንኳን ሳታወልቅለት! አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት..."

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ላስቲኩ ላይ ቀይ ሽቦ ታስሯል። በቀይ ሽቦ የማስረው እኔ ነኝ። ሳይሸጥ ቆይቶ ላስቲኩን ቀዶ መሬት የገባውን ችግኝ ሥሩን እቆርጥና ቀይ ሽቦ አስርበታለሁ። እንዲህ የተደረገ ችግኝ ይቀጭጫል፤ የሦስት ዓመቱ የአንድ ዓመት ይመስላል፤ መሬት ካገኘ ግን እንደ ልቡ ያድጋል። "ትንሽ ዛፍ" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከዚያ መደብ ነበር የማነሳለት።

ዛፉን የወሰደበት ቀን ትዝ አለኝ። ገዢ ከቦኝ ነበር። ወንድሜ መጥቶ ለጠባብ ቦታ የሚሆን ትንሽ ዛፍ ምረጪልኝ ሲለኝ ቀና ብዬ እንኳን አላየሁትም። "ከዚያ፣ ቀይ ሽቦ ካለው አንዱን አንሳ" አልኩት።

"ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ጮህኩበት።

"መች አስወራሽኝ?"

"እኔ ልነግርሽ ነበር" አለች እማዬ ከወንበሯ። "ያመጣው ቀን 'እህቴ የመረጠችልሽ ነው' ብሎ እየሳቀ ነው የገባው። በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ 'ችግኝ እንጀራዋ ነው፣ ሰው ፊት አናሳፍራት' ብሎ ለመነኝ።"

በዕድሜዬ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ወንድሜ አካፋውን አነሳ።

"በይ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል ይጥለቅ?" አለኝ።

በእጄ ለክቼ አሳየሁት።