የሰኞ ጉርድ ፎቶዎች

ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሰው ፊት ማሳመር የእሷ ሥራ ነው። የሰው ፊት አብዝታ ማየት ግን አትወድም። ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሎቹን በቁጥር ዝርዝር ብቻ አሰልፋ፣ የታዘዘችውን ቁጥር ከፍታ፣ ብጉሩን አጥፍታ ትዘጋለች። ቤቷም የሚጠብቃት የለም፤ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ራሷን "እንደምን አመሸሽ?" ብላ ትገባለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዐይኗ ደክሞ ቁጥሮቹ ተደበላለቁባት። በዕድሜ የሚያንሳት ፎቶ አንሺ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጎንበስ ብሎ የፎልደሩን አቀማመጥ ወደ ትልልቅ ምስል ቀየረላት።

"ይኸው እትዬ! ከቁጥር ፊት አይሻልም?"

"የሰው ፊትስ በቅቶኛል" አለች።

ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ክው አለች። ታናሽ ወንድሟ! ሸብቷል።

አባታቸው የተቀበረ ዕለት አርፍዶ ቢደርስ፣ በሰው ፊት "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም" ያለችው እሷው ናት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷ ግን ወዲያው ታውቋት ነበር፣ ኩራት ያዛት እንጂ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም።

ታዲያ እዚህ ድረስ ሲመጣ እንዴት አላየችውም? ከየምስሉ ሥር የተነሳበት ቀን እንዲታይ አደረገች። ሰኞ። የአምናውን ፎልደር ከፈተች፤ ሌላ ጉርድ አለው፣ እሱም ሰኞ። የካቻምናውም ሰኞ። ሰኞ የእሷ የዕረፍት ቀን ነው፤ ያን ቀን ፎቶ አንሺው ራሱ አንስቶ ራሱ ያትማል።

"ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

"እሱን? በዓመት አንዴ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ 'ሴትየዋ የለችም አይደል?' ይላል። አስውበሽ መልኩን እንዳታጠፊበት የፈራ መስሎኝ! ሲወጣ ደግሞ 'ደህና ናት ግን?' ብሎ ይጠይቃል።"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ፎቶ አንሺው ደነገጠ፤ ወንድሟ መሆኑን ስትነግረው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"በቃ ሰኞ ግቢ፣ ማክሰኞ እረፊ። ትገናኛላችሁ።"

ብዙ አሰበች። መገናኘቱን ከምንም በላይ ትፈልገዋለች።

"አይሆንም" አለች በመጨረሻ። "ሰኞ ካገኘኝ ሌላ ፎቶ ቤት ይሄዳል። ከዚያ እኔ የት ላየው ነው?"

ፎልደሩን ወደ ዝርዝር አልመለሰችውም። በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚመጣ እያወቀች፣ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የሰኞን ፊቶች አንድ በአንድ ታያለች።