አካፋዩ አህያ

ካፊያ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስትመጣ፣ አባቷ ሰማታር ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ባለው የቅመም ሱቁ ቁርጡን ነገራት።

«ጀርመንኛና ተረት ማወዳደር እንጀራ አይሆንም። ሰኞ ዲፓርትመንት ቀይሪና ነርሲንግ ግቢ።»

ካፊያ ግን ትምህርቷን እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው። መለማመጥ ደግሞ አታውቅበትም።

«እሺ አቦ። ብቻ ምን እንደምንማር ልንገርህ። አንበሳ፣ ጅብና ቀበሮ ግመል ገድለው ስለመካፈላቸው የነገርከኝ ተረት ትዝ ይልሃል?»

«በሬ ነው እንጂ የምን ግመል?» አሉ በርበሬ ሊገዙ የቆሙት እትዬ ማዘንጊያ።

«እትዬ፣ ግመል እያለ አንበሳ በሬ ምን ያደርግለታል?» አለ ሰማታር።

«ደጋ ላይ ግመል ከየት ይመጣል? አንተ ሰው፣ ከድሬ ወጥተህ አታውቅም እንዴ?»

ክርክሩ ደራ፤ ገበያው ተረሳ። ካፊያም ጊዜዋን ጠብቃ ጣልቃ ገባች።

«ጀርመኖቹ ጋ ደግሞ በጅቡ ፈንታ መጀመሪያ የሚያካፍለው አህያ ነው።»

ሰማታር ዞሮ አያት። «ሥጋ የማይቀምስ እንስሳ ሥጋ አካፍል ይባላል?»

«ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው የምንማረው።»

ሰማታር ጢሙን አሻሸ። እትዬም መልሱን ሳይሰሙ የሚሄዱ አይመስሉም።

«በይ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ሰኞ እዚያው ትምህርት ክፍልሽ ተመዝገቢ። ስትመለሺ የአህያውን ነገር አጣርተሽ፣ የተገደለውም ግመል መሆኑን ለእትዬ አስረጂልኝ።»