ስለ ጓደኛዋ የጠየቀችኝ ልጅ

እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያደግን ሁሉ አንድ አመል አለን። የራሳችንን ችግር የጓደኛ አድርገን ነው የምንጠይቀው። በሃያ ዓመቴ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። የታመመውም፣ ያረገዘችውም፣ ፈተና የወደቀውም ሁልጊዜ ጓደኛ ነው።

ሥራዬ ከፍሬዝኖ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚማሩ የእርሻ ሠራተኞች ልጆችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማሻገር ነው። ቅጽ አስሞላለሁ፣ እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ። እንደ ኢትዜል ባራሃስ የለፋሁባት ልጅ ግን የለችም። ቅዳሜና እሁድ ፍራፍሬ ማሸጊያ ውስጥ ኮክ ስታሽግ ትውላለች፤ ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍል ፊት ወንበር ላይ ናት። በሚያዝያ ዩኒቨርሲቲው ለሲቪል ምህንድስና ሲቀበላት ከእሷ ይልቅ የጮህኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ቢሮዬ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ሚስ፣ አንዲት ጓደኛዬ ናት። ከተቀበሏት በኋላ አንድ ትምህርት ብታቋርጥ ምን ይሏታል?»

«አንዴ ተቀብለዋት ማን ይነካታል! አርፈሽ ተኚ በያት» አልኳት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ጓደኛ የምትባል እንደሌለች ገብቶኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ምሳ አልበላሁም፣ ራሴን አሞኛል፤ «ቁጭ በይ» ካልኳት ደግሞ አንድ ሰዓት እንደምትወስድብኝ አውቃለሁ። ኋላ እንደሰማሁት አባቷ ዛፍ ሲቆርጡ ከመሰላል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ እሳቸውን ስታስታምም ፊዚክሱን ትታዋለች። ያን ዕለት ለዩኒቨርሲቲው ሁለት መስመር ብንጽፍ ይቅር ይሏት ነበር። ለሌሎች ሲያደርጉት አይቻለሁ።

በሐምሌ ደብዳቤ መጣ። ሳታሳውቂን ትምህርት አቋርጠሻልና ቦታሽ ተሰርዟል ይላል። ይግባኝ አልን፣ አልሰሙንም። «ለሚመጣው ዓመት» ብለው ወደ ማሸጊያው ከተመለሱት ተማሪዎቼ ተመልሳ የመጣችው አንዲት ብቻ ናት። ኢትዜልም ይህን ታውቃለች።

«ሚስ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ። «ትምህርቱን ማቋረጤን ለአባዬ እንዳይነግሩት። በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ያልቃል። የቢሮ ስህተት ነው ይበሉልኝ።»

ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ዶን ኤውሴቢዮ ዩኒቨርሲቲ ሊወስዷት መኪናቸውን አጥበው፣ ሁለት አዲስ ትራስ ገዝተው እስከነላስቲኩ ሶፋው ላይ አስቀምጠዋል።

«ዶን ኤውሴቢዮ፣ ኢትዜል አትሄድም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የአንቺ?»

«የእኔ።»

«እሷ ምንም አላጠፋችም?»

«ምንም።»

«ይሄ የእኔ እግርስ?»

«እርስዎም ምንም አላደረጉም።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ክራንቻቸውን ይዘው ተነሱና «ተይ አታልቅሺ ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» እያሉ እስከ መኪናዬ ሸኙኝ።

እሳቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ኢትዜል በመኪናዬ መስኮት ጎንበስ አለች።

«ሚስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ የሚዋሽልኝ ሰው የት አገኛለሁ?»

«ኢትዜል…»

«ደግሞ ራስዎን እንዳይወቅሱ። ጓደኛዬ ናት ብዬ የጠየቅኩት እኔ፤ እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

አንገቴን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ። አልዋሸሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ።