ሰባት ቁጥር ድንጋይ

ሸጋዬ እንደወትሮዋ በጠዋት ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የሳሎኑን ጠረጴዛ የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠች። ዘጠኙ ድንጋዮች እንዳደሩ ነበሩ። አንድ በአንድ በደረቅ ብሩሽ ጠረገቻቸው፤ ሁለት ሁለቱን እያጋጠመች ሞከረች፤ አልገጠሙም። ጨርቁን መልሳ ታሪክ ልታስተምር ሄደች።

ድንጋዮቹ የባሏ የአሻግሬ ነበሩ። ግሪክ አገር ሲማር፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ከተሠራ ሕንፃ የወደቁ የግድግዳ ስብርባሪዎች ናቸው ብለው መምህሩ የሰጡት። ሁለቱ የአንድ ድንጋይ ግማሾች መሆናቸውን ያውቅ ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ ስድስት ዓመት ፈልጎ ሳያገኝ አረፈ። ከየድንጋዩ ጀርባ በእርሳስ ቁጥር ጽፏል። ሰባት ቁጥር ቢደበዝዝበት አልጋ ላይ ሆኖ አደመቀው፤ እጁ የጻፈው የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር። ይህን ሸጋዬ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከከላላ በኩል የመጣው ረኃብተኛ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ሰፍሯል። እህል እንዲላክ መጀመሪያ መጋዘን መሠራት አለበት፤ መመሪያው ደግሞ አራቱ ማዕዘንና የበሩ ራስ ጥርብ ድንጋይ ይግባባቸው ይላል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ተሰደዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታው ሸጋዬን ስብሰባ ጠራት።

«ጓድ ሸጋዬ፣ ድንጋዮቹ ምን ያደርጋሉ?»

«ይጠናሉ።»

«ተጠንተውስ?»

«ከየትኛው ግድግዳ እንደወደቁ ይታወቃል።»

«ግድግዳው አለ?»

«የለም።»

«ስሙልኝ እንግዲህ! ለሌለ ግድግዳ ዘጠኝ ድንጋይ፣ ለሚሠራ መጋዘን ባዶ!»

«ድንጋዮቹ እኮ ከዳቦ አይበልጡም» አለች።

«መመሪያው መጠናቸውን አይልም። በየማዕዘኑ ሁለት፣ በሩ ላይ አንድ። ዘጠኝ።»

«ሰባት ቁጥር ትቅርልኝ።»

«አንድ ማዕዘን ሊጎድል? እህሉስ?»

ሸጋዬ ተቀመጠች።

ግንበኛው ጀማሉዲን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድንጋዮቹን መሬት ላይ ዘርግተው አንድ ጊዜ አዩአቸው። ሰባት ቁጥርን አንሥተው ዘቀዘቋት፣ ከአራት ቁጥር ጋር ገጠሟት። ጠቅ አለች፤ በመካከላቸው ፀጉር አያሳልፍም።

«ወላሂ፣ መንታ ናቸው! ባልሽ ዘቅዝቆ አላያትም?»

«ቁጥሩ ይገለበጣል ብሎ።»

«አንቺስ፣ እቴዋ?»

«እኔም።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አቃታቸው። ሸጋዬም ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ወደ ውጭ ይሁንልኝ።»

«የተጠረበው ፊት ወደ ውጭ ካልሆነ ተቆጣጣሪው በምን ያውቀዋል? እህሉን ያስቀሩታል።»

ሸጋዬ ገበያው ዳር የተቀመጡትን አየች።

«ይግቡ» አለች።

ጀማሉዲን ሁለቱን አጋጥመው ጭቃው ላይ አስተኟቸው። «አብሽሪ» አሏት።

መጋዘኑ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ዘጠኙን ድንጋዮች በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ አመስግኖ ሄደ። ቀበሌው ዘበኛ ቀጠረ።

በማግስቱ ጠዋት ሸጋዬ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጨርቁን ገለጠች። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን አቧራ በብሩሹ ጠርጋ ወጣች። መጋዘኑ ዘንድ ስትደርስ የአራትና የሰባትን መጋጠሚያ በጥፍሯ ፈለገች፤ አጣችው።

«አይነካም!» አላት ዘበኛው።

የአሻግሬ ሰባት ቁጥር ጭቃ ውስጥ ነው። እህሉ እስከዛሬ አልመጣም።